ስለ ጄንሳይበርና መሰል ተግባራዊ የሳይበር ደኅንነት ካምፖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በአሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች፣ ተማሪዎችና መምህራን ስለ ሳይበር ደኅንነት ካምፖች ሲያነሧቸው የሚሰሙ ናቸው። መልሶቹ በዋናነት ጄንሳይበር በተባለው ፕሮግራም ላይ ያተኩራሉ። ዓመታቱ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄንሳይበር ምንድን ነው? የሚያካሂደውስ ማን ነው?

ጄንሳይበር በአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲና በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ በ2014 በጥቂት የሙከራ ካምፖች የተጀመረ ፕሮግራም ሲሆን፣ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚማሩ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻቸው የሳይበር ደኅንነትን በተግባር የሚያስተምሩ ካምፖችን በገንዘብ ሲደግፍ ቆይቷል። ካምፖቹን የሚያዘጋጁትና የሚያስተምሩት ግን ድጋፉን ተወዳድረው ያገኙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኮሌጆችና የትምህርት ተቋማት ናቸው። በሳውዝ ዳኮታ ግዛት የሚገኘው ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በካሊፎርኒያ የሳን በርናርዲኖው ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በቨርሞንት የሚገኘው ኖርዊች ዩኒቨርሲቲ ካምፖቹን ካስተናገዱት መካከል ይጠቀሳሉ።

የፕሮግራሙ ዓላማዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ከልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች የመጡ ልጆች ለሙያው ፍላጎት እንዲያድርባቸው ማድረግ ነው። ሁለተኛው ተማሪዎች በኢንተርኔት ላይ በጥንቃቄና በመልካም ሥነ ምግባር እንዲንቀሳቀሱ ማስቻል፣ ሦስተኛው ደግሞ መምህራን ትምህርቱን ወደ ክፍላቸው የሚያመጡበትን ዘዴ ማሻሻል ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያስታውሳል፤ ዘላቂ ፍሬ የሚያፈራው ግን፣ ከዚህ በታች እንደሚብራራው፣ ሦስተኛው ነው።

ካምፕ ሲባል ልጆቹ ከቤት ውጭ ያድራሉ ማለት ነው?

ብዙዎቹ ጠዋት ተገብቶባቸው ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት የሚመለሱባቸው የቀን ካምፖች ናቸው። ተማሪዎቹ በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ የሚሰነብቱባቸውም አሉ፤ የዳኮታ ስቴት ካምፕ ለዚህ ምሳሌ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳምንት ይቆያሉ፤ የሚካሄዱትም ትምህርት ቤቶች ለረጅሙ ዕረፍት በሚዘጉባቸው ወራት ነው።

ክፍያ አለው?

የጄንሳይበር ካምፖች ለተማሪዎችም ሆነ ለመምህራን በነጻ የሚሰጡ ናቸው፤ በብዙዎቹ የመምህራን ካምፖች ተሳታፊዎች የገንዘብ ድጎማ ጭምር ያገኛሉ። ስለዚህ «በጄንሳይበር ቦታ እናስይዝላችኋለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመ፣ ማንኛውንም ክፍያ ከመፈጸም አስቀድሞ አስተናጋጅ ዩኒቨርሲቲውን በቀጥታ መጠየቅ ይገባል። በክፍያ የሚሰጡ የግል የቴክኖሎጂ ካምፖችም አሉ፤ ከእነዚህም መካከል ጥሩ የሆኑ አይጠፉም፤ ነገር ግን ከዚህ ፕሮግራም የተለዩ ናቸው።

ልጄ ፕሮግራሚንግ ተምራ አታውቅም። ልትሳተፍ ትችላለች?

ትችላለች። አብዛኞቹ ካምፖች የተዘጋጁት ለጀማሪዎች ነው፤ አመልካቾችም ብዙውን ጊዜ የሚጠየቁት ለምን መሳተፍ እንደሚፈልጉ እንዲጽፉ እንጂ ያላቸውን ዕውቀት በፈተና እንዲያስመሰክሩ አይደለም። ለልጃገረዶች ብቻ የተዘጋጁ ካምፖችም ነበሩ፤ የሳን በርናርዲኖው ዩኒቨርሲቲ ከገርል ስካውት ጋር ያካሄዳቸው በዚህ ረገድ የታወቁ ናቸው። በክፍሏ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት የኮምፒውተር ተማሪ የሆነች ልጅ በእንዲህ ያለው ካምፕ እኩዮቿን ስታገኝ ጥያቄዋን ያለ መሸማቀቅ ታነሣለች፤ ይህን ዕድል ያገኙ ወላጆች ቢጠቀሙበት መልካም ነው።

ተማሪዎቹ በተግባር የሚሠሩት ምንድን ነው?

ካምፖቹ የሚያስተምሩት በስድስት ጽንሰ ሐሳቦች ዙሪያ ነው፦ ምስጢራዊነት፣ የመረጃ አለመዛባት፣ ተደራሽነት (መረጃውና አገልግሎቱ በሚያስፈልግበት ጊዜ መገኘቱ)፣ ድርብርብ መከላከያ፣ እንደ አጥቂ ማሰብ፣ እንዲሁም ነገሮችን ቀላል አድርጎ መሥራት። እነዚህ በቃል ሲነገሩ ደረቅ ይመስላሉ። ካምፑን ከተራ ትምህርት የሚለየው ተማሪው እያንዳንዳቸውን በእጁ እየሠራ እንዲደርስባቸው ማድረጉ ነው።

ምስጠራን እንውሰድ። ልጆቹ መጀመሪያ ፊደላትን በተወሰነ ቁጥር ወደፊት በማንሸራተት የሚሠራውን ጥንታዊውን የቄሣር ምስጠራ ይሞክራሉ። የእንግሊዝኛው ፊደል 26 በመሆኑ ሊኖሩ የሚችሉት መንሸራተቻዎች 25 ብቻ ናቸው፤ አንድ ልጅ ሁሉንም በወረቀት ሞክሮ መልእክቱን ሊፈታው ይችላል። የአማርኛ ፊደል የሚያውቅ ልጅ ከዚህ አልፎ መሄድ ይችላል፤ 33ቱን ፊደላት ከሰባቱ ቅርጾቻቸው ጋር ብንቆጥር 231 ስለሚሆኑ 230 መንሸራተቻዎች ይገኛሉ። ቁጥሩ ቢጨምርም ምስጠራው አሁንም ደካማ ነው፤ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ እንደ «ን» እና «ት» ያሉት ደጋግመው ስለሚመጡ፣ በምስጢሩ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ የታየው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ መገመት አይከብድም። ይህን በራሱ ያስተዋለ ተማሪ ዘመናዊ ምስጠራ ለምን ሌላ ዓይነት ሒሳብ እንደሚያስፈልገው ሊረዳ ተዘጋጅቷል።

የይለፍ ቃል ትምህርትም በስሌት ይደገፋል። ባለአራት አኃዝ የምስጢር ቁጥር 10,000 አማራጮች ብቻ አሉት። ስምንት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ያሉት የይለፍ ቃል 209 ቢሊዮን ገደማ አማራጮች ሲኖሩት፣ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ግምት የሚሞክር ኮምፒውተር ሁሉንም በ3 ደቂቃ ተኩል ይጨርሳቸዋል። ፊደላቱ 12 ሲሆኑ ጊዜው ወደ 3 ዓመት፣ 14 ሲሆኑ ደግሞ ከ2000 ዓመት በላይ ይደርሳል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ፊደላቱ በዘፈቀደ የተመረጡ እንደሆነ ብቻ ነው። በ2009 ሮክዩ ከተባለው ድርጅት 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃላት ሲሰረቁ ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የተገኘው «123456» ነበር፤ የሰረቁትም ሆኑ የሚያጠኑት ሰዎች ዝርዝሩን ይዘው እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። የቤተሰብ ስምና የልደት ዓመት አጣምሮ የይለፍ ቃል ማድረግ በእኛ ዘንድ የተለመደ በመሆኑ፣ ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ እንደማይጠብቀን ልጆቹ ለወላጆቻቸው ሊያስረዱ ይገባል።

ከዚህ ሌላ ዋይርሻርክ በተባለው መሣሪያ በኔትወርክ ላይ የሚያልፈውን መረጃ ይመለከታሉ፤ ባልተመሰጠረ ድረ ገጽ ላይ የተጻፈ የይለፍ ቃል እንዳለ ሲነበብ፣ በተመሰጠረው ላይ ግን ትርጉም የለሽ ሆኖ ሲታይ ልዩነቱን በዓይናቸው ያያሉ። ራስበሪ ፓይ የተባለችውን ትንሽ ኮምፒውተር ይገጣጥማሉ፤ በአንዳንድ ካምፖች ይዘዋት ወደ ቤት ይሄዳሉ። ሆን ተብሎ የተበላሸ ቅንብር የተሰጠውን ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ሌላ ኮምፒውተር) እየመረመሩ የማያስፈልጉ አካውንቶችን ይዘጋሉ፣ ያልታደሱ ሶፍትዌሮችን ያድሳሉ፣ ከመጠን ያለፈ ፈቃድ የተሰጣቸውን ተጠቃሚዎች ይገድባሉ። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም የሙያው የዕለት ተዕለት ገጽታ ይኸው በትዕግሥት መፈተሽና ማስተካከል ስለሆነ ነው።

ልጄን ሃከር መሆን ያስተምሩታል ማለት ነው?

አጥቂዎች የሚሠሩበትን መንገድ ይማራል፤ ይህን ከወላጅ መሸሸግ ተገቢ አይደለም። ጥቃት እንዴት እንደሚፈጸም ያልገባው ሰው ሊከላከለው አይችልም። ነገር ግን ልምምዱ የሚካሄደው ከውጭው ኢንተርኔት በተነጠለ ኔትወርክ፣ ለዚሁ በተዘጋጁ ማሽኖች ላይ ሲሆን፣ የሥነ ምግባር ትምህርት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አብሮ ይሰጣል።

የትምህርቱ ማዕከል ፈቃድ ነው። የጎረቤት በር ሳይቆለፍ መገኘቱ ለመግባት ፈቃድ እንደማይሆን ሁሉ፣ የአንድ ሲስተም ደካማነትም ለማንም መብት አይሰጥም። በአሜሪካ ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኮምፒውተር ማጭበርበርና አላግባብ መጠቀም ሕግ ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል። ይህ ለልጆች ሩቅ ነገር አይደለም። በ2024 መጨረሻ የብዙ ትምህርት ቤቶችን የተማሪዎች መዝገብ የሚይዘው ፓወርስኩል ሲደፈር፣ ድርጊቱን የፈጸመው የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ሆኖ ተገኘ፤ ጥፋቱን አምኖ በ2025 የ4 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ወጣት በ14 ዓመቱ ጥሩ አስተማሪና ሕጋዊ የመለማመጃ ቦታ ቢያገኝ ኖሮ መንገዱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። ለቴክኖሎጂ ዝንባሌ ያለውን ልጅ ከኮምፒውተር ማራቅ መፍትሔ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ፕሮግራሙን የስለላ መሥሪያ ቤት መደገፉ አያሳስብም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ የመንግሥት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ስም ሲነሣ ልባቸው ለሚደነግጥ ወላጆች። ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በሜሪላንድ ፎርት ሚድ የሚገኝ፣ የውጭ የመገናኛ መረጃዎችን የሚሰበስብና የአሜሪካን ብሔራዊ ደኅንነት ሲስተሞች የሚጠብቅ ተቋም ነው። ካምፑን የሚደግፈው አገሪቱ በመስኩ የሠለጠነ የሰው ኃይል ስለሚያንሳት ነው። ልጁ በካምፑ በመሳተፉ ወደፊት ለኤጀንሲው የመሥራት ግዴታ አይገባም፤ አስተማሪዎቹም የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ልምድ ያላቸው የትምህርት ቤት አስተማሪዎች ናቸው። ቢሆንም የማመልከቻ ቅጹ ምን ምን የግል መረጃ እንደሚጠይቅና ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ እንደሚጠየቅ ወላጅ አንብቦ ሊፈርም ይገባል። ፎቶግራፉን አለመፍቀድ ይቻል እንደሆነ መጠየቅም ነውር አይደለም።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ እንጂ የኮምፒውተር አይደለሁም። የመምህራን ካምፕ ይመለከተኛል?

በእጅጉ ይመለከትዎታል፤ ከተማሪዎችና ከመምህራን ካምፕ አንዱን ብቻ ደግፉ ብባል ያለ ማመንታት የመምህራኑን እመርጣለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በአንድ የተማሪዎች ካምፕ የሚሳተፉት ጥቂት አሥሮች ናቸው፤ በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ እያንዳንዳቸው 25 ተማሪ ላሏቸው ክፍሎች የሚያስተምር አንድ መምህር ግን በየዓመቱ 125 ልጆችን ይደርሳል። ከዚህም በላይ፣ ካምፕ የሚያመለክቱት ልጆች ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ፍላጎቱ ያላቸው ወይም ነቃ ያሉ ወላጆች ያሏቸው ናቸው። ስለ ካምፑ ሰምቶ የማያውቀው ልጅ ትምህርቱን የሚያገኘው በክፍሉ ከቆመው መምህር ብቻ ነው።

በመምህራን ካምፕ ተሳታፊዎቹ መጀመሪያ እንደ ተማሪ ሆነው ልምምዶቹን ይሠራሉ፤ ከዚያ ለየራሳቸው የትምህርት ዓይነት የሚስማማ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅተው ለባልደረቦቻቸው ያቀርባሉ። ካምፑ ካበቃ በኋላም በትምህርት ዓመቱ ውስጥ ክትትል ይደረጋል፤ ክትትል የሌለው ሥልጠና በመስከረም የሥራ ጫና ውስጥ ተውጦ እንደሚቀር ያስተማረ ሁሉ ያውቃል።

ለሒሳብ መምህር የምስጠራ መሠረት የሆነው የቀሪ ሒሳብ ጥሩ መግቢያ ነው። የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያውቁ ልጆች ባሉበት ክፍል ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 8 ሰዓት የሆነው በአሜሪካው ንባብ 2 ሰዓት ነው፣ 8 ላይ 6 ተጨምሮ 12 ሲያልፍ ከአንድ ይጀመራልና። የቋንቋ መምህር ሰውን አታለው የይለፍ ቃሉን የሚወስዱ የማስገር መልእክቶችን አጻጻፍ፣ የማጣደፍና የማስፈራራት ቃላቸውን ከተማሪዎች ጋር ሊተነትን ይችላል። የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር ደግሞ በኖቬምበር 2020 የባልቲሞር ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ላይ የደረሰውን የቤዛ ጥቃት፣ ማለትም ሲስተምን ቆልፎ ለመክፈት ገንዘብ የሚጠይቅ ጥቃት፣ ማንሣት ይችላል፤ በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርቱ በኢንተርኔት ይሰጥ ስለነበር ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች ለቀናት ትምህርታቸው ተቋርጦባቸዋል። ተደራሽነት የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ልጄ የተማረው ለቤተሰባችን ምን ይጠቅማል?

በብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች የእናትና የአባትን ስልክ የሚያስተካክለው፣ የባንክ መተግበሪያ የሚከፍተው፣ የመንግሥት ቅጾችን የሚሞላው ልጅ ነው። ያ ልጅ ከይለፍ ቃል ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀው ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እንዴት እንደሚበራ ካወቀ መላው ቤተሰብ ይጠበቃል። በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚዘዋወሩትን የዲቪ ሎተሪ ማጭበርበሪያዎች እንደ ምሳሌ ይውሰዱ፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዕድለኞች መመረጣቸውን በኢሜይል አያሳውቅም፤ አመልካቹ በማረጋገጫ ቁጥሩ ራሱ ገብቶ ማየት አለበት። ይህን የሚያውቅ የ15 ዓመት ልጅ አገር ቤት ያሉ አክስቱን ከከባድ ኪሳራ ሊያድናቸው ይችላል።

መቼና እንዴት ይመዘገባል?

ማመልከቻ የሚቀበለው እያንዳንዱ አስተናጋጅ ተቋም ነው። ምዝገባው ብዙውን ጊዜ ከካምፑ ወራት ቀደም ብሎ ስለሚጀመርና ቦታው ውስን ስለሆነ፣ በጥርና በየካቲት አካባቢ መፈለግ መጀመር ይጠቅማል። ድጋፉ በየዓመቱ በሚመደብ በጀት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ባለፈው ዓመት ያስተናገደ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዓመት ላያስተናግድ ይችላል። ስለዚህ የቆየ ማስታወቂያ ይዞ ከመጠበቅ ይልቅ ለዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል መደወል ይሻላል። የክፍል ደረጃና የመኖሪያ ሁኔታን የሚመለከቱት መስፈርቶች በየማመልከቻው ተጽፈው ይገኛሉ።

በአቅራቢያችን ካምፕ ከሌለስ?

ካምፕ መጠበቅ አያስፈልግም። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ2013 የጀመረው ፒኮ ሲቲኤፍ በነጻ የሚገኝ የእንቆቅልሽ ውድድር ሲሆን፣ ዕድሜው 13 የሞላው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሊለማመድበት ይችላል። በ2009 የተጀመረው ሳይበርፓትሪየት ደግሞ ከ2 እስከ 6 አባላት ያሏቸው የተማሪ ቡድኖች ደካማ ማሽኖችን እያጠናከሩ የሚወዳደሩበት ነው፤ ለዚህ ቡድኑን የሚያስተባብር አሠልጣኝ ያስፈልጋል፤ አሠልጣኙ የቴክኒክ ባለሙያ ካልሆነም ሙያውን የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ሊያግዘው ይችላል። ለመምህራን ሳይበር ዶት ኦርግ ያዘጋጃቸው የትምህርት ዕቅዶችና በ2021 ያወጣው የሳይበር ደኅንነት ትምህርት መለኪያ አሉ። በዋሽንግተንና በአካባቢው ባሉ የማኅበረሰብ ማዕከላትና የቅዳሜና እሑድ የአማርኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሙያው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በጎ ፈቃደኞች አንድ የሳይበርፓትሪየት ቡድን ቢያቋቁሙ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።

በኢትዮጵያስ ተመሳሳይ ካምፕ አለ?

አለ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በክረምት ወራት ከልዩ ልዩ ክልሎች የተውጣጡ ተሰጥዖ ያላቸው ወጣቶች የሚሳተፉበት የሳይበር ታለንት የክረምት ካምፕ ያካሂዳል። ተሳታፊዎቹ የሚመረጡት ተመዝግበውና ተወዳድረው ስለሆነ፣ ለጀማሪዎች ከተከፈተው የአሜሪካው አሠራር ይልቅ ዝንባሌያቸውን አስቀድመው ላሳዩ ወጣቶች ያደላል። ስለ ፈቃድ ከላይ የተባለው በአገር ቤትም ይሠራል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል።

ካምፑ ለኮሌጅና ለሥራ በር ይከፍታል?

ካምፑ ራሱ የሥራ ምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ አቅጣጫ ግን ያሳያል። ልጁ በመስኩ መቀጠል ከፈለገ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የሳይበር ትምህርት የልህቀት ማዕከል ብሎ የሰየማቸውን ከ400 በላይ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር መመልከት ጥሩ መነሻ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ክፍያቸው አነስተኛ የሆነ የሁለት ዓመት ኮሌጆችም አሉ። ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የሚያስተዳድረው ሳይበርኮር የተባለው የነጻ ትምህርት ዕድል ደግሞ እስከ 3 ዓመት የትምህርት ክፍያንና የኑሮ ድጎማን ይሸፍናል፤ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ክፍት ነው። በምላሹ ተማሪው ድጋፉን ላገኘበት ጊዜ ያህል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ማገልገል አለበት፤ ካላገለገለ ገንዘቡ ወደ ብድርነት ስለሚለወጥ ቤተሰብ ከተማሪው ጋር ተቀምጦ ውሉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይኖርበታል።